የግራጫው ሱሪ ትርፍ ጨርቅ

ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ሜትር» ይላታል። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ገበያ ስትወጣም ሐኪም ቤት ስትሄድም እንደ ሐብል ተንጠልጥሎ ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳው ባሏ «እኔንም ያገባችኝ ቁመቴን ለክታ ነው» እያለ ያበሽቃታል። «ምላስህን ብለካው ኖሮ መች አገባህ ነበር!» ትለዋለች እሷም።

መንገድ ዳር ባለችው ክፍሏ ውስጥ የሰው ልብስ ታጠብባለች፣ ታሰፋለች። በሥራዋ አንድ ሕግ አላት፤ በዚህ የመጣባትን ደንበኛ አትምርም። ልብስ ስታጠብብ ትርፉን ጨርቅ አትቆርጠውም፤ ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋዋለች። ቀጥና የምትኩራራ ወጣት መጥታ «ይቁረጡት እትዬ፣ ምን ያደርግልኛል?» ካለቻት፣ «አይቆረጥም ልጄ፣ ሰውነት ይመለሳል» ነው መልሷ። ሹፌሩም ጥግ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ «ይመለሳል!» ብሎ ያጅባታል። እውነትም ብዙዎቹ በዓመቱ አንገታቸውን ደፍተው እየመጡ አስፍተዋል።

ዘንድሮ ግን የሹፌሩ ሰውነት መሄድ ጀመረ። ሐኪሙ «እስቲ በዚህ መድኃኒት እንየው» ካለ ወዲህ ስለ በሽታው በቤቱ ውስጥ ትንፍሽ የሚል የለም። እሷን የሚያስፈራት አንድ ነገር ነበር፤ መክሳቱን የተረዳ ቀን እጁን ይሰጣል ብላ ትሰጋለች። ስለዚህ እሱ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ልብሱን እያነሳች በጎንና ጎኑ ታጠብበዋለች። ቀበቶውንም እሷው ነች የበሳችው። ጠዋት ይለብስና መስታወት ፊት ይቆማል።

«አየሽ፣ እንዳለሁ ነኝ።»

«እንዳለህ ነህ» ትለዋለች፣ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች።

ከሁሉም የሚወደው ጡረታ የወጣ ቀን የለበሰውን ግራጫ ሱሪ ነው። እሱን ሦስት ጊዜ አጠበበችው፤ ሦስቴም እንደ ሕጓ አጠፈችው። የታጠፈው ጨርቅ እየተደራረበ ወፈረና አጥንቱ ብቻ በቀረው ዳሌው ላይ እየተጫነ ቆዳውን ላጠው። «ይሄ ወንበር ደግሞ ምን ነካው?» እያለ ትራስ ይደርብበታል። አራተኛ ጊዜ ልታጠብበው ስትል መቀሱን አነሳች። ትርፉን በሁለቱም ጎን ከወገቡ እስከ እግሩ ድረስ ቆረጠችው። አራት ረጃጅም ግራጫ ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። እንዳያመው ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም አለች በልቧ። ቀኑን ሙሉ ግን ምግብ አልበላ አላት።

ልብስ ሰፊ ደግሞ ጨርቅ አይጥልም፤ ጉድ ያመጣባትም ይኸው አመሏ ነው። ልጃቸው ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷት ስለነበር ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ እየሰፋችላት ነበር፤ ሹፌሩ «ድሪቶው» የሚለው። ብርድ ልብሱ የሚገጣጠምባቸውን ካሬዎች ባገኘችው ጊዜ ሁሉ ትንሽ በትንሽ የሰፋቻቸው ስለሆነ፣ መሃል ላይ የምትለካበት ካርቶን ጠፍቶባት ሌላ ሠርታ ነበር። አሁን ስትደረድራቸው በአዲሱ ካርቶን የተቆረጡት ሁለቱ ካሬዎች በአራት አራት ሴንቲ አንሰው ተገኙ። ሌሎቹን በእነሱ ልክ ማሳነስ መቁረጥን ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ አይሆንላትም። ትንሾቹን ዙሪያቸውን ጠርዝ ጨምራ ልታሳድጋቸው ወሰነች። እጇ የገባው ግራጫው ነበር። ምንም ሳታስብ ሰፋችው፣ ተኮሰችው፣ ለካችው፤ ልክ እንደቀሩት ሠላሳ በሠላሳ። ደስ ብሏት ሁለቱን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለቻቸው።

ካሬዎቹን አልጋው ላይ የሚያሰልፋቸው ምንጊዜም ሹፌሩ ነው። «ቀዩ ከቀዩ አጠገብ አይቆምም፣ መንገድ ይዘጋል!» እያለ ያሽከረክራቸዋል። የዚያን ዕለት ከሰዓትም ትንፋሽ እያጠረው ሲደረድር ቆየና ድንገት እጁ ቆመ።

«ይሄ ጨርቅ...»

«የደንበኛ ነው» አለች፣ ጠይቆ ሳይጨርስ።

ሹፌሩ የለበሰውን ግራጫ ሱሪ ጎን በአውራ ጣቱ ከወገቡ ወደ ታች ዳበሰው። ውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ ነበር የሚፈልገው። ወደ ሌላው ጎን አለፈና እሱንም ዳበሰው። የስፌት መኪናዋ ከቆመች ቆይታለች።

«ቆረጥሽው?»

«ቆዳህን እየላጠው እኮ ነው... እያመመህ...»

«ለስንቱ ሰው ይመለሳል ስትዪ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ» አለ። ቢቆጣት በወደደች። እሱ ግን የወረደበትን ፌርማታ እንዳላወቀ መንገደኛ ነበር የሚያያት።

ሁለቱን ካሬዎች ከአልጋው ላይ ነጥቃ መተርተር ጀመረች። «አውልቀው» አለችው። አውልቆ ብርድ ልብስ ተከናነበና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ግራጫዎቹን ጠርዞች አንድ በአንድ ፈታች፣ እርስ በርሳቸው ቀጣጠለቻቸው፣ የሱሪውን ጎንና ጎን ከፍታ መልሳ ሰፋቻቸው። እንባዋ ዓይኗን ስለጋረደው ስፌቱ ወዲያና ወዲህ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ስፌት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ሁለቱ ካሬዎች እንደገና አንሰው መሬት ላይ ወድቀዋል። ማንም አላነሳቸውም።

«እስቲ ልበሰው» አለች።

ለበሰው። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ ሲንሸራተት በሁለት እጁ ያዘው። ጨርቁ ጭኖቹ ላይ ባዶውን ተንጠለጠለ። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነበር፤ ልትለካው ግን አላወረደችውም።

«ልክ ነው» አላት ሹፌሩ፣ ወገቡን እንደያዘ።