ኦርቫል ፕሩዊት እና አረንጓዴዋ ነጥብ

ኦርቫል ፕሩዊት ያልጠረጠረው ሰው በኛ ከተማ የለም። እንቁላል ሲገዛ ካርቶኑን ከፍቶ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ያገላብጣል። ነዳጅ ሲቀዳ ዓይኑን ከማሽኑ ቁጥር ላይ አይነቅልም። እሑድ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን በር ጠባቂ ነው። ኮቱ ሥር ሽጉጡን ታጥቆ፣ የማያውቀውን መኪና ታርጋ ሁሉ እየመዘገበ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። አንድ ጊዜማ አዲስ የተመደበልንን ሰባኪ «ማን ልበል?» ብሎ ዝናብ ላይ ሃያ ደቂቃ ገትሮታል። ሰባኪው ገብቶ ማንነቱ ሲታወቅ ጉባኤው በሙሉ ሳቀ፤ ኦርቫል ግን ጥርሱን አላሳየም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለና ወደ በሩ ተመለሰ።

እስቲ ይሄን ሰው ከበሩ አንሱት፣ ምን ይቀረዋል? ይሠራበት የነበረው የእንጨት መሰንጠቂያ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ልጆቹም ሩቅ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ የሚኖረው ለእሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ጫማውን ይወለውላል፣ ኮቱን ይቦርሻል፣ ከዚያ ሲነጋ ሰው ሁሉ እጁን እየጨበጠው ይገባል። ሌላ ምን አለው?

ነገሩ የተነሣው ከፋሲካ በኋላ ነው። የጥበቃው ቡድን አለቃ ኮልቢ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ አሥራ አንዱንም ጠባቂዎች ሰብስቦ አዲስ ደንብ አወጣ። ከእንግዲህ የሁሉም ሽጉጥ ከአፈሙዙ ሥር መብራትና ሌዘር ይኑረው አለ። ቅዳሜ ፈተና አለ፤ የሌዘሩን ነጥብ ዒላማው ላይ አሥር ሰከንድ አርግቶ ያልያዘ በር ላይ አይቆምም።

ኦርቫል ቤቱ ሲገባ ኮፍያውን ወንበሩ ላይ ወረወረው። «እኔን ለማባረር ነው!» አለ። «ያ ጩጬ ዓይኑን በሩ ላይ ከጣለ ቆይቷል።»

ሚስቱ ቨርሊን ድንች እየላጠች ነበር። «የታዘዘው እኮ አሥራ አንድ ሰው ነው፤ አንተ ብቻ አይደለህም» አለችው።

«ተንኮሉ እሱ ላይ ነዋ! አንዱን ለመምታት ለሁሉም ያዛሉ።»

ቨርሊን ቀና ሳትል መላጧን ቀጠለች።

አርብ ከምሳ በኋላ ሁለቱም ወደ በርል የመሣሪያ መደብር ሄዱ። በርልና ኦርቫል አብረው ያደጉ ናቸው፤ ሲገናኙ ካልተሰዳደቡ የታመሙ ይመስላቸዋል።

«መጣ ሰላዩ!» አለ በርል። «ቨርሊን፣ ይሄን ሰውዬ እንዴት ነው የምትችይው?»

«ለምጄው ነው።»

«ለኮልቢ ስንት አካፈልከው?» አለ ኦርቫል። «በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ መብራት እንዲሁ አይሸጥም።»

«እኔ ምን አገባኝ! እግዜር ይስጠው ብዬ ነው የምሸጠው» አለ በርል እየሳቀ፣ ሌዘር ያላቸው ሦስት መብራቶች የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ደረደረለት። «አሁን ስማኝ። ጉልበተኛ ብርሃን ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ያንተኑ ዓይን ነው የሚያጠፋው። ቀይ ሌዘር በቀን አይታይም፣ አረንጓዴውን ያዝ። ማብሪያውን አውራ ጣትህ ሳትንጠራራ መድረስ አለባት። ደግሞ በዚህ መብራት ሰው አይፈለግም፣ እሺ? ያበራህበት ሁሉ አፈሙዝ የዞረበት ነው። ለፍለጋ የእጅ ባትሪ አለልህ።»

«እሱንም ልትሸጥልኝ ነዋ።»

«ታዲያስ! በነጻ ልስጥህ?»

ኦርቫል ካርቶኖቹን አገላብጦ የት አገር እንደተሠሩ አነበበ፤ ፊቱን አጨማደደ። በመጨረሻ መካከለኛውን መረጠና ከመደብሩ ጀርባ ወዳለው የመተኮሻ ክፍል ገቡ። በርል የሽጉጡን የጥይት ካዝና አወጣ፣ ጥይት እንደሌለበት ወደ ውስጥ አየ። ኦርቫል ተቀብሎ እንደገና አየ። ከዚያ መብራቱን ገጥመው፣ አሥር እርምጃ ላይ ወደተሰቀለው ወረቀት አነጣጠረ፤ በአውራ ጣቱ ተጫነው።

አረንጓዴዋ ነጥብ ወረቀቱ ላይ ዘለለች። ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ላይ ወጣች፣ ከወረቀቱ ወርዳ ተመለሰች። እስክስታ ነው የያዘችው።

«ብሎኑ ላልቷል» አለ ኦርቫል።

በርል ብሎኑን አጠበቀው። ነጥቧ ግን ያው ናት።

«ዕቃው የተበላሸ ነው። ሌላውን አምጣ።»

ሌላው መጣ። የሱም ነጥብ ዘለለች። ሦስተኛው፣ የሁሉም ውድ የሆነው፣ ተገጠመ። ዘለለች። በዚህ መሃል በርል መሳቁን ትቷል። አንድ ጊዜ ወደ ኦርቫል እጅ አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

«ገባኝ!» አለ ኦርቫል፣ ጆሮው ቀልቶ። «አንተና ኮልቢ ተመካክራችሁ የተበላሸ የተበላሸውን ለኔ አስቀምጣችኋል! ነገ ከሰው ፊት ልታዋርዱኝ!»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

«ኦርቫል፣ እኔ አንተን...» አለ በርል።

«አንተን አላምንህም። ልሞክርልህ እንዳትለኝ፣ ጣትህ ብልሃት አያጣም።» ከዚያ ወደ ቨርሊን ዞረ። በዚህ ዓለም አንድ የሚያምነው ሰው አለ፣ እሷ ናት። «ነይ አንቺ ያዥው። ዕቃው ብልሹ መሆኑን በዓይኑ ይይ።»

ቨርሊን አልተንቀሳቀሰችም። «ይቅር፣ ኦርቫል» አለች።

«ያዥው አልኩሽ እኮ!»

ሽጉጡን ተቀበለችው። በሁለት እጇ ይዛ ክንዷን ዘረጋች፣ ተጫነችው። አረንጓዴዋ ነጥብ ወረቀቱ መሃል ላይ አረፈች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... በርል በልቡ እስከ አሥር ቆጠረ። ንቅንቅ አላለችም።

ኦርቫል ነጥቧን አየ፤ ከዚያ ቀኝ እጁን አየ። እጁ ባዶውን ይንቀጠቀጣል። እንደ ሌባ ኪሱ ውስጥ ሸጎጠው።

ቨርሊን መብራቱን አጠፋች። «ደንቡን ያሰበው ኮልቢ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ሄጄ የለመንኩት።»

«አንቺ?»

«የፋሲካ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር ወድቆ ሲጮህ እጅህ ወደ ኮትህ ሥር ሄደ። አየሁት፣ ኦርቫል። ሽጉጡን ልታወጣ ስትል እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አየሁት። ፊት ለፊትህ የነበሩት መዝሙር የሚዘምሩት ሕፃናት ናቸው። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልነገርኩህም? ቡናው ሲፈስ ኩባያው ያዳልጣል አልከኝ። ሸሚዝህን መቆለፍ ሲያቅትህ፣ ቀዳዳውን ሆን ብለው አጥብበውታል አልከኝ። ሐኪም ጋ እንሂድ ስልህ ሐኪሞቹ ገንዘብ ፈላጊ ናቸው አልክ። ሌላ ምን ልበልህ?» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አጥብቄ ብነግርህ ደግሞ እኔንም ትጠረጥረኝ ነበር። በአርባ አራት ዓመት ያልጠረጠርከው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እሱንም ላጣው? ፈራሁ።»

በርል የሌለ ሥራ ፈልጎ ካርቶኖቹን ይዞ ወደ ፊት መደብሩ ሄደ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋው።

ኦርቫል ቀበቶውን ፈታ። ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ቨርሊን ልትረዳው እጇን አልዘረጋችም። የሽጉጡን አፎት ከወገቡ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ የማያውቀውን መኪና በሚያይበት ዓይኑ፣ ከላይ እስከ ታች ሚስቱን አያት።

«ሌላስ የደበቅሽኝ አለ?» አላት።

«አለ» አለች ቨርሊን። «ማክሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ።»

ኦርቫል ቀበቶውን መልሶ አሰረ።

«ቀጠሮው በስንት ሰዓት ነው?» አለ።