የመራራው ፍሬ ስኳር

ባለፈው ቅዳሜ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ገበያ ላይ ልጄ ኮክ የሚመስለውን አፕሪኮት በልታ ፍሬውን በድንጋይ ሰብራ ውስጡን ወደ አፏ ስታስጠጋ እጇን አፈፍ አድርጌ ያዝኩት። «ማሚ፣ ዋት?» አለችኝ ደንግጣ። እኔ ከእሷ ብሼ ነበር የደነገጥኩት። ከብዙ ዓመት በፊት ሳን ሆዜ ያየሁት ነገር ፊቴ ድቅን አለ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ኦክላንድ ኮሌጅ ገብቼ ኬሚስትሪ ጀምሬያለሁ፤ ሁለት ምዕራፍ ያነበበ ሰው እንዴት እንደሚመጻደቅ መቼም ታውቁታላችሁ። አጎቴ ጋሼ ሰይድ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘሃራ ጋር የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቀው ሳን ሆዜ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ በበኩሉ ያክማል፣ ወዳጅ ዘመድ ደግሞ በበኩሉ ያዛል፤ አንዱ፣ የአፕሪኮት ድንጋይ ውስጥ ያለው መራራ ፍሬ ዕጢ ያጠፋል አላቸው። ጓሯቸው ውስጥ ከድሮው እርሻ የተረፈ ዛፍ ነበረ፤ በሐምሌ ሥሩ ሁሉ የወደቀ አፕሪኮት ሆኖ ግቢው ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። ኮሶ እየጠጣ ያደገ የወሎ ሰው ደግሞ መራራን ምን ብሎ ይጠረጥራል?

እትዬ ዘሃራ ግን ጠረጠሩ። ደውለው ይጎዳ እንደሆነ ጠየቁኝ። ኢንተርኔት ከፍቼ የንጥረ ነገሩን ሥዕል አየሁ፤ ሁለት የስኳር ቀለበት ተያይዞበታል። ከስኳሩ ማዶ ያለውን ልብ ብዬ አላየሁትም።

«ስኳር እኮ ነው ያለበት፣ ሴፍ ነው፣ አይጎዳም» አልኳቸው።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉና ዘጉ።

ከሳምንት በኋላ፣ አመሻሽ ላይ በነበረን ክፍል ስለ ግላይኮሳይድ ተማርን። ስኳር ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ የሚኖርበት ውህድ ነው፤ የስኳሩ ወገን ግላይኮን ይባላል። መምህራችን ምሳሌ ሲሰጥ ያንኑ መራራ ፍሬ አነሳ። እዚያ ውስጥ ከስኳሩ ጋር የታሰረው ሳያናይድ ነው። እንደታሰረ እስካለ ድረስ አይታወቅም፤ ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ግን ስኳሩ ይላቀቅና መርዙ ይወጣል። ደብተሬን ሳልሰበስብ ተነሣሁ። ረመዳን ነበር፤ ጋሼ ሰይድ ሐኪሙ ቢከለክላቸውም ይጾማሉ። እትዬ ዘሃራ በዚያው ጠዋት እንደነገሩኝ፣ እሳት ኃይሉን ይወስደዋል ስለተባሉ ፍሬውን ሳይቆሉት ፈጭተው፣ እንደ ተልባ በውሃ በጥብጠው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማታው ማፍጠሪያ አስቀምጠውታል።

ደወልኩ፣ አይነሳም። ከመግሪብ ሶላት በፊት ሁለቱም ቁርኣን ላይ ስለሚቀመጡ ስልካቸውን ያጠፋሉ። መኪናዬን አስነስቼ ስምንት ሰማንያ የሚባለው አውራ ጎዳና ስገባ መንገዱ ተዘጋግቷል። ፀሐይዋ በቀኜ በኩል ትወርዳለች፣ እኔ ከአንድ የዳቦ መኪና ኋላ ቆሜያለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ ዱዓ እያደረግሁ መሪውን እየደበደብኩ አለቀስኩ።

ሳላንኳኳ ገባሁ። ጋሼ ሰይድ ተምር በእጃቸው ይዘው አዛን ይጠብቃሉ፤ ብርጭቆው አጠገባቸው ሙሉ ነው።

«ጋሼ፣ እንዳይጠጡት። ያኔ ሳላውቅ ነው ያወራሁት፣ መርዝ ነው።»

ብርጭቆውን በቀስታ ገፉት። እፎይ ልል ስል ፊታቸው ተለወጠ።

«ዘሃራ ቅድም ጠጥታለች» አሉ።

እትዬ ዘሃራ በሕመም ምክንያት አይጾሙም ነበር። ማድ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አገኘኋቸው። አምቡላንስ ጠርቼ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ለምን ጠጡት አልኳቸው።

«እሱ ከመጠጣቱ በፊት በኔ ልየው ብዬ» አሉ። ደግሞም፣ «አንቺን ሳላምን ቀርቼ እንዳይመስልሽ» አሉኝ።

ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ዳኑ። ጋሼ ሰይድ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ዕጢ ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። እኔም የመድኃኒት ባለሙያ ሆንኩ። እትዬ ዘሃራ አዲስ ክኒን በታዘዘላቸው ቁጥር ሳይውጡ ለእኔ ይደውላሉ። ቆዩኝ ላጣራ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቃሉ። ያኔ ተቆጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እንዲህ አምነውኝ ሲጠብቁ ግን ዛሬም አንዱን ክኒን ሦስቴ አጣራለሁ።