ደረቴ ላይ ይመታ የነበረው ከበሮ

መስማት ያቆምኩት ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ማጅራት ገትር ይዞኝ ሆስፒታል ተኛሁ። ትኩሳቱ ለቆኝ ዓይኔን ስከፍት እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን የለም። ሌላውን በሽተኛ ላለመረበሽ የምታንሾካሹክ መስሎኝ «ጮክ ብለሽ ተናገሪ እንጂ» አልኳት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያኔ ገባኝ።

ከዚያ በፊት ዘማሪ ነበርኩ። መካኒሳ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ እስከ ትልቁ መዘምራን ድረስ ዘምሬያለሁ። ከኋላዬ ከበሮ የምትመታው ጓደኛዬ ነበረች። ወላጆቻችን ከሆሳዕና አብረው የመጡ ናቸው፤ አንድ ግቢ ተከራይተው ነው ያሳደጉን። እኔ መዝሙር ውስጥ የት ጋ ትንፋሽ እንደምወስድ ታውቃለች፤ እዚያች ቦታ ላይ ከበሮዋን ታለዝብልኛለች። ተነጋግረን ያደረግነው ነገር አይደለም፤ እንዲሁ ለመድነው።

ሆስፒታል ስተኛ ከእናቴ ጋር እየተፈራረቀች አስታማኛለች። ከወጣሁ በኋላም ሌላው ሰው ከእኔ ጋር ማውራት ሲቸግረው እሷ ቶሎ ለመደችው። ፊቷን ወደ ብርሃን ታዞራለች፣ አፏን በእጇ አትሸፍንም፣ ሳትንቀራፈፍ ግን ጥርት አድርጋ ትናገራለች። ከሰው ሁሉ ከንፈር አጥርቼ የማነበው የእሷን ነበር። ነፋስ ስልክ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ ስጀምር ደንበኞች በሚስቁብኝ ጊዜ መጥታ የተቆጣችልኝ እሷ ናት። አንዲት ሴትዮ «ይቺ ደንቆሮ» ስትለኝ ከንፈሯን አንብቤ ዝም አልኩ፤ ጓደኛዬ ግን ዝም አላለችም። ሴትዮዋን ይቅርታ ሳታስጠይቃት አልለቀቀቻትም።

መዘምራኑን ተውኩ። «ቦታሽ አለ» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ድምፄ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ ሳላውቅ ሰው ፊት መቆም አልቻልኩም። ቤት ውስጥ እንኳ ስናገር ታናሽ እህቴ በእጇ ምልክት ትሰጠኛለች፤ መዳፏን ዝቅ ካደረገች ጮኬያለሁ ማለት ነው።

ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ጓደኛዬ ለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ ፎቅ ሥር ጌም ቤት ከፈተች። በሰፈሩ ፕሌይስቴሽን የሚያጫውት ሞልቷል፤ የእሷ የሚለየው ዓይን ላይ በሚጠለቀው መነጽርና ዘመዷ ከዱባይ ባመጣላት ሰደርያ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት «ነይና እዪልኝ» አለችኝ፤ ሄድኩ።

ሰደርያው ጥቁር ነው፣ ከበድ ይላል። ከውስጥ በኩል ደረቱም ጀርባውም ላይ ሳንቲም የሚያካክሉ ነገሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ስልክ ቫይብሬት ሲያደርግ እንደሚነዝረው ይነዝራሉ። ጌሙ ውስጥ ከኋላህ ከተተኮሰብህ ጀርባህ ላይ ይመታሃል፤ ዝናብ ከዘነበ ትከሻህ ላይ ያንጠባጥብብሃል። አለበሰችኝና ዚፑን ዘጋችልኝ። መነጽሩን እንዳጠለቅኩ አንድ ነገር ጀርባዬን ደለቀኝ፤ ዘወር ስል ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ። መነጽሩን ሳወልቅ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ጣቷን ቀስራ «ቆይ» አለችኝ። «ሙዚቃም ይቀበላል ይላሉ። የኛን መዝሙር ላስገባበት እስቲ።»

«የኛን? የትኛውን?»

«የድሮውን ቅጂ። ስልኬ ላይ አለ።»

ከስልኳ ጋር ስትታገል ቆየች። ፊቷ ጨፈገገ፤ ጎንበስ ብላ ገመድ ነካካች፣ እንደገና ስልኳን አየች። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ወዲያው እምብርቴ አካባቢ አንድ ከባድ ምት መጣ። ሌላ ተከተለው። ቀጥሎ ደረቴ ላይ ቀለል ያሉት ተከታትለው መጡ።

ከበሮ ነበር። ከጆሮ ሳይሆን ከአጥንት የሚገባ ከበሮ።

«እሁድ እሁድ ጉባኤውን የምንከፍትበት ነው አይደል?» አልኳት።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ዘመርኩ። ከታመምኩ ወዲህ ሰው ፊት ስዘምር የመጀመሪያዬ ነበር። ትንፋሽ በምወስድባት ቦታ ላይ ምቱ ለዘብ ሲልልኝ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ ሰደርያው ላይ ሲንጠባጠብ ኤሌክትሪኩን እንዳያበላሸው ብዬ በእጄ እየጠረግኩ መዝሙሩን ጨረስኩት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን የምጠብቃት ሆንኩ። ስፌቱን ቶሎ እጨርስና ታክሲ ተሳፍሬ ለቡ እሄዳለሁ። ገበያ ከመጀመሩ በፊት ለእኔ ብቻ ትከፍትልኛለች። «ዛሬ የትኛው ይሁን?» ትለኛለች፤ እመርጣለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እዘምራለሁ። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ጓደኛዬን ቤት ጠርታ መረቀቻት።

አንድ ቀን ስፌት ቤት ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ። ስልኳን አወጣችና አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። እኔ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፌን ከፍቼ፣ ፊቴ በእንባ ርሶ። ከላይ በትልቁ «ደንቆሮዋ ዘማሪ በቴክኖሎጂ ሰማች» ይላል። ከሥር የጌም ቤቱ አድራሻ አለ።

ያቺን ቃል ሳያት ያቺ ድሮ ስፌት ቤት ውስጥ ስለ እኔ የተቆጣችው ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ። ቪዲዮ እንደምትቀርጽ ነግራኝ አታውቅም። ዓይኔን የምጨፍነው እሷን አምኜ ነበር።

ማታ ለእህቴ አሳየኋትና «ድምፄ እንዴት ነው?» አልኳት። እህቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ደጋግማ ሰማችው።

«ድምፅሽ ደህና ነው» አለችኝ በኋላ። «ግን የምትዘምሪውና ከኋላ የሚሰማው መዝሙር አንድ አይደለም።»

«ቪዲዮው ላይ ኋላ የጨመረችው ይሆናላ።»

«ይሆናል» አለች። «ቅዳሜ አብሬሽ ልሂድ።»

ሄድን። ጓደኛዬ እህቴን ስታይ ትንሽ ደንገጥ አለች፣ ቢሆንም አቅፋ ሳመቻት። እኔ ስለ ቪዲዮው ልጠይቃት ነበር የመጣሁት። ሰደርያው ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ከመጣላታችን በፊት አንድ ጊዜ ልስማው ብዬ አሰብኩ። ለበስኩት፤ መዝሙሩን መረጥኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምቱ ጀመረ፣ እኔም ጀመርኩ።

እህቴ ክንዴን ጨበጠችኝ። ዓይኔን ገለጥኩ።

«ምንም አልተከፈተም» አለችኝ። «ቤቱ ጭጭ ብሏል።»

«ድምፁ ወደ ሰደርያው ብቻ ነው የሚሄደው» አልኳት። ጓደኛዬ እንደዚያ ነበር የነገረችኝ።

እህቴ በአገጯ ጠቆመችኝ። ጓደኛዬ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ስልኳን ከወገቧ ዝቅ አድርጋ ይዛለች። አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ ይወርዳል፣ ደረቴ ይመታል። ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ይመታል። እህቴ ሄዳ እጇን ያዘቻት። ደረቴ ላይ የነበረው ምት ቆመ።

ሰደርያውን ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ። ጓደኛዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ከንፈሯን እንዳነብ መሆኑ ነው፤ ልማዷ ነው። «መዝሙሩ ከመጀመሪያውም አልገባም» አለች። «ይሄ የሚሠራው ለእሱ ከተሠሩት ጌሞች ጋር ብቻ ነው። ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። አንቺ ደግሞ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ትጠብቂያለሽ። ምን ልበልሽ? የሰደርያው መሞከሪያ ቁልፍ ስልኬ ላይ ስለነበር በእጄ መታሁልሽ።»

«የመጀመሪያው ቀን ይገባኛል» አልኳት። «ሌላውስ ቀን?»

«ደስ ይልሽ ስለነበር ነው።»

«ቪዲዮውስ?»

«ገበያ አልነበረኝም። ልዘጋው ነበር እኮ። ደግሞ ሰው ሲያይሽ ተጽናና እንጂ ማን ሳቀብሽ?»

እህቴ መናገር ጀምራ ነበር፤ እጄን አንስቼ አስቆምኳት። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለግኩ። «ቪዲዮው ላይ ሳለቅስ» አልኳት፣ «የቱን መዝሙር ነበር የምትመቺልኝ?»

ወለሉን አየች።

«ንገሪኝ እንጂ።»

«መጀመሪያ መጀመሪያ መዝሙሩን ተከትዬ ነበር» አለች። «ኋላ ላይ… በአንድ እጄ በሌላ ስልክ እየቀረጽኩ ስለሆነ እንዲሁ ነው የነካካሁት።»

እንዲሁ የነካካችው ላይ ነው ያለቀስኩት። እንዲሁ የነካካችው ላይ ነው አባቴ የሚወደውን መዝሙር፣ ከታመምኩ በኋላ ሞቶ ስንቀብረው ያልዘመርኩለትን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የዘመርኩት። ዚፑን ከፈትኩት። እህቴ አወለቀችልኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ዝም እል ነበር። በሳምንቱ ግን አንዲት እናት ትንሽ ሴት ልጇን ይዛ ስፌት ቤት መጣች። ልጅቷ መስማት አትችልም። እናትየዋ ሰው ጠቁሟት ከጀሞ በእግሯ ነበር የመጣችው። ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየችኝ፦ «እህቴ፣ ሰደርያው በእውነት አሰምቶሻል? ልጄን ልውሰዳት።» እውነቱን ጻፍኩላት። ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ቪዲዮውን አውጥታ ጣቷን ፊቴ ላይ፣ እንባዬ ላይ አድርጋ አየችኝ፤ «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ማለቷ ነበር።

ቪዲዮው ቤተ ክርስቲያንም ደርሶ ኖሮ ፓስተሩ አስጠራኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እህቴ፣ እሁድ ወጥተሽ እግዚአብሔር ያደረገልሽን ለጉባኤው ትመሰክሪያለሽ?»

«ፓስተር፣ አልሰማሁም» አልኩት። «እርስዎም ሲናገሩኝ ከንፈርዎን እያየሁ ነው።»

ሁሉንም ነገርኩት። «ብዙ ሰው ግን ተጽናንቶበታል» አለኝ።

ይህችኑ ቃል ከጓደኛዬ ከንፈርም አንብቤያታለሁ። «እንግዲያው እሁድ እወጣለሁ» አልኩት።

ወጣሁ። እህቴ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ በመዳፏ ድምፄን ትመራኛለች። አላበዛሁትም። «አልሰማሁም። ያያችሁት ቪዲዮ እውነት አይደለም። መስማት የማይችል ልጅ ያላችሁ፣ እኔን አይታችሁ ተስፋ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ» አልኩና ማይኩን መለስኩ። ሰዉ አንገቱን ደፋ። ጓደኛዬ ከበሮው አጠገብ ቆማ ነበር። በዚያ ቀን ከበሮውን ሌላ ሰው መታው፤ እሷ በጎን በር ወጣች።

ቪዲዮውን አጠፋችው። ያወረዱት ሰዎች ግን አሁንም ያዞሩታል።

ከፋሲካ በኋላ ቤታችን መጣች። እናቴ ናት ያስገባቻት፤ ያሳደገቻት ልጅ ናት፣ በር ልትዘጋባት አልቻለችም። ፊት ለፊቴ ተንበርክካ ፊቷን ወደ ብርሃን አዞረች፣ እጇን ከአፏ አራቀች። «ስሚኝ» ስትል አየኋት። ዓይኔን ጨፈንኩ። መስማት የሚችል ሰው ዓይኑን ቢጨፍን ይሰማል፤ እኔ ስጨፍን ግን ሁሉም ነገር ያበቃል። ጉልበቴን ነካችኝ፣ እጇን ገፋሁት። ስገልጥ ሄዳለች።

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ትጠርጋለች። «ያለችውን ልንገርሽ?» አለችኝ።

«አልፈልግም» አልኳት።

ቤተ ክርስቲያን አሁንም እሄዳለሁ፤ ከኋላ ነው የምቀመጠው። አንዳንድ ጊዜ ወለሉ በጫማዬ በኩል ይነዝረኛል። ድሮ ቢሆን ከበሮው ነው ብዬ ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር። ዛሬ ግን ከበሮው ይሁን፣ በውጭ በኩል የሚያልፍ ሲኖትራክ ይሁን አላውቅም። እህቴ አጠገቤ ስለሆነች ልጠይቃት እችላለሁ። እስካሁን አልጠየቅኳትም።