የሶረቲ ጆሮ

ሌሎች መምህራንን ጠመኔ የሚነካቸው እጅጌያቸው ላይ ነው፤ እኅተማርያምን ግን ጉልበቷ ላይ። ጎባ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል የምታስተምረው ይህች ሴት፣ ልጅ ሲናገር ዓይኗ ከዓይኑ እስኪስተካከል ወለሉ ላይ ትንበረከካለች። ጠመኔ የረገፈበት ወለልም ቀሚሷ ላይ ሁለት ነጭ ክብ ያትምበታል።

ክፍሏ ውስጥ አንዱ ሲናገር ሌላው "ጆሮ" ይሆናል። ጆሮ አያቋርጥም፤ ያልገባውን ይጠይቃል፤ ከዚያ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለክፍሉ ይናገራል። እንደ ሶረቲ ያለ ጆሮ ግን አልነበረም። የሰውን ቃል በእፍኟ እንደያዘችው ውሃ ጠብ ሳታደርግ ታደርሳለች። ሰኞ ዕለት እኅተማርያም ተገርማ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ "ይህን የት ተማርሽ?" አለቻት።

"ቤት። አባዬና እማዬ አይነጋገሩም። 'እራት ታቅርብ በያት'፣ 'አልደረሰም በይው' ሲባባሉ የማደርሰው እኔ ነኝ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ረቡዕ ጠዋት ጭጋግ ከተራራው ወርዶ የትምህርት ቤቱን አጥር ውጦታል። የገብስ ነጋዴው ባዳሳ፣ የሶረቲ አባት፣ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ።

"ኢንተላ ኮ የታለች? ልጄን አምጪልኝ!"

እኅተማርያም ወደ ሜዳው ወጣች። "ደህና አደሩ፣ አባ ሶረቲ? እስኪ ትንሽ ይቀመጡ..."

"አልቀመጥም! ሱቄ በር ላይ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? 'ባዳሳ፣ ሚስትህን ሰላም ልትላት ነው? ቆይ ልጅቷን እንጥራልህ!' መናገር ነው የምታስተምሪው ማዋረድ?"

እኅተማርያም ልጅቷን አሰበች። ሶረቲ መስከረም ላይ ስሟ ሲጠራ "አቤት" ማለት እንኳ የሚያቅታት ልጅ ነበረች። ዛሬ ከወሰዳት ያ ድምፅ ወደ ገባበት ይመለሳል።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው ፊት መጠየቅ አልነበረብኝም። እሷን ግን አይቅጡብኝ።"

አልሰማትም። ሶረቲ ደብተሯን አቅፋ የክፍሉ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷ ወደ እሷ ዞረና፣ ሳያስበው፣ የለመደውን ተናገረ።

"ሂጂ ለእናትሽ ንገሪያት። ልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አትማርም ብሏል በያት።"

እኅተማርያም ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ጆሮ አያቋርጥም። ከንፈሯን ነክሳ እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከች።

ሶረቲ ወደ አባቷ ተጠጋች። "አባዬ፣ አልገባኝም። ለምን ብላ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?"

"ሰው ሳቀብኝ በያት።"

"ለምን ሳቁ ብትለኝስ?"

"ከእናትሽ ጋር ስለማልነጋገር..." ብሎ ጀመረና ባዳሳ ቃሉን መልሶ ዋጠው።

"ይሄን አታድርሺ" አለ፣ ድምፁ ወርዶ። "እኔው እነግራታለሁ።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ አልኩሽ።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ክፍልሽ ግቢ።" ወደ መምህርቷ ዞረ። "አንቺ ደግሞ ሁለተኛ የቤቴን ነገር እንዳትጠይቂያት።"

"አልጠይቅም።"

ጭጋጉ ባዳሳን መልሶ ወሰደው። እኅተማርያም ከሣሩ ላይ ተነሳች።

"ቲቸር፣ ጉልበትሽ ጭቃ ሆነ" አለች ሶረቲ።

አላራገፈችውም። የልጅቷን እጅ ይዛ፣ ጫጫታው ወደሚሰማበት ክፍሏ ገባች።