ሽኝታቸውን ያልጨረሱት አያቴ

ከመካነ ሰላም የወጣሁ ዕለት መነኸሪያ ድረስ የሸኙኝ አስራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ጎህ ገና አልቀደደም፣ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አስሩ አልቅሰው፣ መርቀው ተመለሱ። አስራ አንደኛው አያቴ ይማም ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከእኔ ቀድመው አውቶቡሱ ላይ ወጡና መስኮቱ ጋ ተደላድለው ተቀመጡ።

«አባባ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«ልሸኝህ ነዋ። እስከ መታጠፊያው።»

መታጠፊያው አለፈ። አቀስታ ስንደርስ «እዚህ ሰው አላውቅ፣ ማን ጋ እወርዳለሁ?» አሉኝ። ወላሂ፣ አቀስታ ውስጥ እሳቸው የማያውቁት ሰው ተፈልጎ አይገኝም! እንዲህ እንዲህ ስንል ደሴ ገባን። እዚያ የአዲስ አበባውን መኪና ስሳፈር ነው የተለያየነው። ዘወር ብዬ ሳይ በትራቸውን ተደግፈው መነኸሪያው በር ላይ ቆመዋል። በእኛ አገር ሸኚ ቀድሞ ፊቱን አያዞርም፣ ሂያጁ ከዓይን እስኪጠፋ ይቆማል። ያያቴ ግን ባሰ። መኪናው ከጠፋም በኋላ እዚያው ስለቀሩ አንድ ረዳት ተሳፋሪ መስለውት ኮምቦልቻ ሊጭናቸው ነበር አሉ።

እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ዘጠኝ ልጆች ወልደዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውን ቁጥር ግን በየዓመቱ ስለምንጨምርባቸው ራሳቸውም ያምታቱታል። ማታ እራት ቀርቦ «ሁሉም ገብቷል?» ሳይሉ እጃቸውን አይዘረጉም። አንዱ ልጅ ጎረቤት ቤት አምሽቶ ከሆነ ሁላችንም እየራበን እንጠብቃለን። ከከላላ ገበያ ሸንኮራ ይዘው ሲመለሱ ማንም እንዳይከፋ በስንዝር እየለኩ ያካፍሉናል፤ ስንዝራቸው ግን ለትንንሾቹ ሲሆን ይረዝም ነበር፣ አይተናቸዋል። ሴት አያቴ ዘይነባ አንዴ የወለደች ልጇን ልታርስ ወግዲ ሄዳ ሳለች በሦስተኛው ቀን በቅሎዋን ጭነው ተከተሏት። «በቅሎዋ እሷን ናፍቃ ነው» አሉ። በቅሎዋ ምን እንደምትል የጠየቃት የለም።

በረሃውንና ባሕሩን አልተርክም፣ እናቴ ይህን ጽሑፍ ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ታስነብባለችና። ብቻ ወጣሁ፣ ተሻገርኩ፣ ጀርመን ገባሁ። ብርዱ ያው የእኛ ደጋ ብርድ ነው። የእኛው ግን ሰውን እሳት ዳር ይሰበስባል፤ እዚህ ሁሉም በሩን ቆልፎ ለብቻው ነው የሚሞቀው። ለብቻ መብላት አሁንም አልለመደልኝም፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳነሳ «ሁሉም ገብቷል?» የሚል ሰው የምጠብቅ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ቢሮ ያለችው ሴትዮ መነጽሯን አውርዳ አየችኝ።

«የቤተሰብ ስም?»

«የለንም። እኔ ሰይድ፣ አባቴ አህመድ፣ አያቴ ይማም።»

«እንግዲህ ሄር ይማም ነህ» አለችኝ፤ ሄር በእነሱ አቶ ማለት ነው።

«ይማም አያቴ ናቸው።»

«የት ነው ያሉት?»

«መካነ ሰላም።»

«ወረቀቱ ላይ ግን እዚህ ናቸው» ብላ ማኅተሟን አሳረፈችበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደሴ አልፈው የማያውቁት አያቴ ጀርመን መኖር ጀመሩ። የመብራቱ ደብዳቤ የሚመጣው በእሳቸው ስም ነው፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲደርስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፣ የፖስታ ሳጥኔም ላይ የተለጠፉት እሳቸው ናቸው። ይህን ስነግራቸው ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ በትራቸውን ይዘው ይወጡና፣ ጀርመን ሩቅ ነው ብለው እየጮሁ ያናግሩኛል።

«ዛሬስ ምን ጻፉልኝ?»

«ቆሻሻውን በየዓይነቱ አልለዩም ይላሉ።»

«እኔ? ኧረ ለይቻለሁ በላቸው!»

ቀልዱ ሲያልቅ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያስከትላሉ። «ያ ካርድ መቼ ነው የሚወጣው? ሽኝቴን አልጨረስኩም እኮ። ደሴ ወርጄ ተቀብዬህ፣ ይዤህ ስገባ ነው የሚያልቅ።» ካርዱ የመኖሪያ ፈቃዴ ነው። እሱ ሳይኖር ከጀርመን ከወጣሁ መመለስ የለም። እሳቸው ሰማንያን አልፈዋል፣ ቢሮው ደግሞ ቀጠሮ በሰጠኝ ቁጥር ሌላ ወረቀት ይጎድለኛል። በሕይወት ሳሉ ልደርስባቸው ነበር የፈለግኩት፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ከዚያ በክረምቱ አያቴ ከስልክ ጠፉ። ስደውል አባቴ ነው የሚያነሳው። አንዴ ከላላ ገበያ ሄደዋል ይለኛል። ሌላ ጊዜ ወግዲ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደዋል። ሌላ ጊዜ ጉብታው አድክሟቸው ተኝተዋል።

«በዚህ ዕድሜያቸው ነጋዴ ሆኑ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ አጭር ነበር። መጠርጠርስ ጠርጥሬ ነበር፣ ግን ማመን አልፈለግኩም።

በአራተኛው ወር ካርዱ ወጣ። ከቢሮው በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። አባቴ አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ «እሁድ ቤት ትውላለህ?» አለኝ።

«እውላለሁ። አባባን አቅርብልኝ እንጂ።»

«እሁድ ቤት ዋል» ብሎ ዘጋው።

እሁድ ሳይነጋ የበሩ ደወል ጮኸ። አራት ያገሬ ሰዎች ደረጃው ላይ ቆመዋል፤ ከሩቅ ከተማ የመጡ ሁለት የወሎ ልጆች፣ አንድ ባለ ሱቅና እትዬ አስቴር የሚባሉ የጎንደር ሴት። ያገሬ ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ በር ሲመታ ለምን እንደሆነ የሚጠፋው የለም። እትዬ አስቴር እጄን ይዘው አስቀመጡኝና ነገሩኝ።

መርዶ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም፣ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። አባቴ አራት ወር ሙሉ በስልክ ሲያፈላልግ የከረመው እኔን የሚይዙ ሰዎችን ነበር።

ጮኼ አለቀስኩ። አከራዬ በሌሊት ልብሷ እንደሆነች ከታች ወጣች።

«ዛሬ እሁድ ነው፣ ድምፅ ክልክል ነው። ምን ሆነህ ነው?»

«አያቴ ሞቱ።»

ፊቷ ተለወጠ። «አዝናለሁ። መቼ?»

«ከአራት ወር በፊት።»

ግራ ገባት። «ታዲያ ዛሬ ለምን ታለቅሳለህ?»

እትዬ አስቴር ምን እንዳለች አስተርጉመው ሰሙና «ለእሱ የሞቱት ዛሬ ነው በላት» አሉ። አልኳት። ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይማም፣ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ያለው? ስማቸውን ላንሳው?» አለችኝ። የስሙን ነገር ቤቱን ስከራይ ነግሬያት ነበር። ከደግነት ነው፤ አውቃለሁ። በለቅሶዬ መሃል ሳቄ አመለጠኝ። ይቆይ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሰዎቹን ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘሁ። ባቡሩ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆምኩ። ከዚያ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ደወልኩ።

«አለቀስክ?» አለኝ አባቴ።

«አለቀስኩ።»

«ሰዎቹን ሸኘህ?»

«ባቡሩ እስኪጠፋ።»

«ጎሽ።»

ልቆጣው ነበር አሳቤ፣ አልቻልኩም። «አባዬ፣ እኔ እኮ እሳቸውን አልሸኘሁም» አልኩት።

«ያንተን እኔ ቆሜልሃለሁ» አለ። «ቀብር ላይ ሰዉ ሁሉ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። ዝናብ መጣ። ሼኩ ዞረው መጥተው ‹አህመድ፣ በቃ እንግዲህ› አሉኝ። ‹የኔን ጨርሻለሁ፣ ይህ የሰይድ ነው› አልኳቸው። ትተውኝ ሄዱ።»

እንባዬን በእጄ ጠረግኩ።

«ካርዱን ይዘኸዋል?» አለኝ።

«ይዤዋለሁ።»

«ስሙ ምን ይላል?»

«ይማም ይላል።»

«እስቲ ድገምልኝ» አለ። መስመሩ እስኪቋረጥ ደገምኩለት።