ጳጉሜን የማያውቀው ላፕቶፕ

የሞቀ አቧራ ሽታ አልችልም። ይሄን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ባለፈው ሳምንት አንዷ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ከቁም ሳጥን ሥር ያረጀ ላፕቶፕ አውጥታ ከፈተች። ማራገቢያው እያጓራ ተነሣ፤ በጎኑ ያንን ትኩስና የታፈነ ትንፋሹን ሲለቀው እኔ ሥራዬን ትቼ ደጅ ወጣሁ። "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "አለርጂ ነው" አልኳት። ለሷ ከየት ጀምሬ ልንገራት? ላንተ ግን ልንገርህ፤ አንተ ቢያንስ አታቋርጠኝም።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ልደታ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ ላይ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ስለነበር ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሰው አያነጋግርም። እናታችን ልጆች ሳለን ነው ያረፈችው። ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነበርን። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ለሱ ወረቀት አይደለም። የስኳር ደረሰኝ እንኳ ቀን ከሌለው ይዞት ይመለሳል፤ ባለሱቁ ከሩቅ ሲያየው "መጡ ደግሞ!" እያለ እስክሪብቶ ይፈልግ ነበር።

ወንድሜ ጌጃ ሰፈር ከአንድ ጓደኛው ጋር ኮምፒውተር ይጠግናል። የኛን ላፕቶፕ የሠራው ከሞቱ ላፕቶፖች ነው። ስክሪኑ ከአንዱ፣ ኪቦርዱ ከሌላው፣ ክዳኑ ደግሞ ቀለሙ እንኳ የማይገጥም። ሦስታችን ብንጣላበት ጊዜ ለሦስት ከፈለው። ገና ሲነሣ ጥቁር ገጽ ላይ ሦስት መስመር ይወጣል፤ የአባባ፣ የኔ፣ የሱ። በቀስቷ ወርደህ የራስህን ትመርጥና ትገባለህ። ሦስት ቤት ባንድ ግቢ በለው። የአባቴና የኔ ዊንዶውስ ነበር፤ እሱ ለራሱ ሊኑክስ የሚሉትን ጫነ። "ምናለ እንደ ሰው ብትሆን?" ስለው "ይሄን ቫይረስም አያውቀውም፣ አንቺም አታውቂውም፤ ሰላም ነው" ይለኛል። የሱ ሲከፈት አጭር የከበሮ ድምፅ ያሰማል። ያቺን ከበሮ ከሰማሁ ወንድሜ ቤት ገብቷል ማለት ነው።

አንድ ችግር ነበረበት። ቀን የምትይዝለት ትንሿ ባትሪ ሞታለች፤ ትልቋም አትሠራም። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ በኛ ሰፈር ደግሞ የመብራት መጥፋት ምን ብርቅ ነው፣ ላፕቶፑ ቀኑን ይረሳና ሲነሣ "ቀንና ሰዓት አስገባ" ይላል። የሚያስገባው ሁልጊዜ ወንድሜ ነው። የሰውን ሁሉ ሲጠግን ይውልና ለራሱ ባትሪ "ነገ አመጣለሁ" እንዳለ ኖረ።

ከዚያ ክረምት ገባ፤ ወንድሜ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉን። ሐምሌ መግቢያ ላይ ሆስፒታል ተኛ፤ ሐምሌ ሳያልቅ አስከሬኑን ይዘን ተመለስን። በአጭሩ የምነግርህ ረዥሙን ስለማልችለው ነው።

አባቴ የእድራችን ጸሐፊ ስለነበር የሟች ማስታወቂያ የሚጽፈው እሱ ነው። የልጁንም "ሌላ ሰው ይጻፈው" ቢሉት እምቢ ብሎ ራሱ ጻፈው። ላፕቶፑን ከፍቶ ቀኑን አስገባ፤ በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጨረሰ። አላለቀሰም። ድንኳን ውስጥም አላለቀሰም። ሴቶቹ "ኧረ ይውጣልህ፣ አልቅስ!" ብለው ሲወተውቱት ቀና ብሎ "እሺ" ይላቸዋል፣ ልክ ነገ መልስ እንደሚሰጣቸው ባለጉዳዮች። እኔ እየጮኽኩ የሱ ዝምታ አንገበገበኝ። እንዴት ሰው ለልጁ እንባ ያጣል? እላለሁ በልቤ።

ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ዘመድ ተበትኖ ሁለታችን ስንቀር፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ እንጀራውን እንደቆረሰ እጁን አቆመ።

"ድምፁ እየጠፋኝ ነው" አለ።

"የማን?" አልኩት፣ እያወቅሁ።

"መልኩ አለ። ድምፁን ግን ትናንት ልሰማው ብዬ ብሞክር የመጣልኝ ያንቺ ነው።"

እኔም ሞከርኩ፤ ለኔም ራቀኝ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ወንድሜ ግንቦት ላይ ግቢ ውስጥ አባቴን እያሳቀ ቪዲዮ ሲቀርጽ አይቻለሁ፤ ያስቀመጠውም ላፕቶፑ ላይ፣ በራሱ በኩል ነው። ሌላ የትም የለም። ምሳውን ትተን ላፕቶፑን ከፈትን። የሱን መስመር መረጥኩ። ከበሮው አልመጣም። ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተዥጎደጎደና ቀጥ አለ። ደግመን ሞከርን፤ ያው ነው። የአባቴ ይከፈታል፣ የኔም ይከፈታል፤ የሱ ብቻ እምቢ አለ።

የጌጃ ሰፈሩን ጓደኛውን ጠራነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ቦት ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። አባቴ "ቀን የኔ ሥራ ነው" ብሎ እንደ ወትሮው ቀኑን አስገብቶ አቀረበለት። ልጁ ገጹን ሲያነብ ቆይቶ ራሱን አከከ። "ይሄን ጀለሴ ብቻ ነበር የሚያውቀው። እኔ የዊንዶውስ ሰው ነኝ" አለ። የላፕቶፑን ሆድ ፈታው፤ ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ጆሮው ላይ አስጠጋ። የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፤ የኔንና የአባቴን አሳየ፣ የወንድሜን "አላውቀውም" አለ። ሲዲ አምጥቶ ሦስቱን መስመሮች እንደ አዲስ አስተካከለ። ምንም።

"ሃርድ ዲስኩ በሱ በኩል ሳይሞት አይቀርም" አለና ቃሉ ካፉ እንደወጣ ደነገጠ።

"ምን ይላል ጽሑፉ?" አለ አባቴ።

"ዝም ብሎ ነው የሚቀባጥረው፣ አባባ። ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ቀን ገና ወደፊት ነው፤ ይላል። አብዷል።"

በሌላ ቀን ሲመጣ ወደ መሬት እያየ "ፎርማት እናድርገው። የሱ በኩል ይጠፋል፣ ላፕቶፑ ግን ይተርፋል" አለ።

"ላፕቶፑን ማን ጠየቀህ፣ ልጄ?" አለው አባቴ። ጮኾ አይደለም፤ እንዲያውም በልመና ነበር። ልጁ ዊንጮቹን ለቅሞ ሄደ።

አርባው ጳጉሜ ላይ ዋለ። ዋዜማውን ልጁ ተመልሶ መጣ፤ አንድ ጊዜ ልሞክር፣ ካልሆነ ደግሞ እንቁረጥ አለን። ዝናቡ እየዘነበ መብራት ሄደና መጣ። ላፕቶፑ ቀን ሲጠይቅ አባቴ እንደ ልማዱ ተቀመጠ፤ እኔ ለልጁ ሻይ ቀዳሁለት። ብዙም አልቆየም፣ አባቴ ጠረጴዛውን ደበደበ።

"ይሄ ዕቃ ጳጉሜን አይቀበልም! አሥራ ሦስት እለዋለሁ፣ ጢጥ ይላል። ነሐሴን ሙሉ ሲቀበል ከርሞ!"

ልጁ ብርጭቆውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። "አባባ፣ ዓመቱን ስንት ብለው ነው የሚያስገቡት?"

"ሁለት ሺህ ሁለት ነዋ! ስንት ልበል?"

"ሰዓቱንስ?"

"አሥር ሰዓት ነው፤ አሥር አልኩ።"

ልጁ ሳቀ። ሻዩ እጁ ላይ እስኪፈስ ሳቀና፣ ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረ። በኋላ ነው ያስረዳን። ወንድሜ ሁሌ የሚያስገባው በፈረንጅ ነው፣ ሁለት ሺህ አሥር። እሱ ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ አባቴ፣ ያ ለቀን የሚሞት ሰው፣ በንጹሕ ልቡ ትክክለኛውን ቀን ሲሞላ ከርሟል። የአባቴና የኔ ዊንዶውስ ቀኑ ምንም ቢሆን ዝም ብለው ይከፈታሉ። የወንድሜ ሊኑክስ ግን ቀን ይጠይቃል። ትናንት ሁለት ሺህ አሥር ላይ የዘጋኸኝ፣ ዛሬ ሁለት ሺህ ሁለት ነው ትለኛለህ? አልከፈትም፤ ነው ነገሩ። ከሦስቱ አባቱን የመሰለው እሱ ብቻ ነው።

ልጁ በፈረንጅ ሞላና የወንድሜን መስመር መረጠ። ከበሮዋ መታች። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ቪዲዮው አጭር ነው። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል፤ ወንድሜ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው ያለው። "አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ይለዋል። አባቴ የግንቦትን ቀን ይነግረዋል። "ኧረ በፈረንጅ በለኝ!" "የፈረንጅ ቀን ለፈረንጅ! እኔ ምን አገባኝ?" ከዚያ ወንድሜ ይስቃል፤ ያ መሐሉ ላይ ስቅ የሚለው ሳቁ። አባቴ ሁለት ጊዜ ሰማው። "እሱ ነው" አለና ተነሥቶ ደጅ ወጣ፤ ዝናቡ ላይ። ልጁ ቪዲዮውን በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ አልከፍተውም እንጂ።

ያን ጊዜ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። መስከረም ጠባ፤ አንድ እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ላፕቶፑን ከፈተ። ሳየው ቀኑን በኛ አስገባ፤ ቀጥሎ የወንድሜን መስመር መረጠ። ጥቁሩ ገጽ መጣ። መነጽሩን አድርጎ ተመለከተው፤ ከዚያ አጠፋው።

በሚቀጥለው እሑድ ደገመው። አላስቻለኝም።

"አባባ፣ እንዲህ ካስገባህ የሱ አይከፈትም። ተነግሮህ የለ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

ጽሑፉ መሐል አንዷን መስመር በጣቱ አሳየኝ። "ልጁ ምንድነው ያለው? የመጨረሻው ቀን ገና ወደፊት ነው፤ አይደል? እዚህ ገና ነው። እዚህ ወንድምሽ አልታመመም።"

ወይ ጉድ፣ ሽማግሌው ለየለት! አልኩ በሆዴ። አፌ ደግሞ አያርፍም፣ "እሱ እንደሆነ አይመለስ" ብዬ ጨመርኩለት። ላፕቶፑን አጠፋው። ከዚያ ወዲህ አልተናገርኩትም።

ቤታችን ፈረሰ። ዕጣ ወጥቶልን ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገባን፤ የልደታ ደወል ከላይ ይመጣ የነበረው አሁን ከታች ይመጣል። አባቴ ሌላውን ዕቃ ለተሸካሚ ሰጥቶ ላፕቶፑን በጋቢው ጠቅልሎ ራሱ ተሸከመው። እሑድ እሑድ ይከፍታል፤ ይዘጋል። ጳጉሜ ላይ አይሞክርም፣ "ይሄ ጳጉሜን አያውቅም" ይላል። ጥቅምት ሲያልቅም ይጣላሉ፣ ሁለተኛው ወር ሠላሳ አለው ብትለው ማሽኑ አይሰማህም። እኔ ሥራ ያዝኩ። የጌጃ ሰፈሩ ልጅ አግብቶ ወለደ። ዓመቱ እየገፋ መሆኑን እኔ አላሰብኩትም፤ ዓመት የሚገፋው በኛም አቆጣጠር ነው አይደል? አባቴ ግን ቀን የሚረሳ ሰው አልነበረም።

ግንቦት ነበር፣ ልደታ ከተከበረች በኋላ፣ እሑድ ረፋዱ ላይ። በኛ ሁለት ሺህ አሥር። ማድ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ከበሮ ሰማሁ። የጎረቤት ቴሌቪዥን መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቢላዋው ከእጄ ወደቀ።

አባቴ በነጭ ልብሱ እንዳለ፣ እጁ ጭኑ ላይ ሆኖ ተቀምጧል። የወንድሜ በኩል ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሚከለክለው ጽሑፍ የለም፤ ቀኑ ደርሷል፤ ያኔ ጳጉሜ ላይ ልጁ በፈረንጅ የሞላው ሁለት ሺህ አሥር፣ ዘጠነኛ ወር፣ አሁን በኛም ገብቷል።

"በቃ፣ ደረሰ" አለኝ።

አጠገቡ ደረስኩ። ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ አዘቀዘቀውና፣ ጥለቱን ወደ ፊቱ አድርጎ ለበሰው። ከዚያ ጮኸ። "ልጄን! ልጄን!" እያለ፣ ያን ሁሉ ዓመት የያዘውን ባንዴ አወጣው። ላባብለው ሄጄ እኔም አብሬው ወደቅሁ።

በሩ ተንኳኳ። በቅርቡ ከላይ ፎቅ የገባች ጎረቤታችን ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው፣ ጩኸቱን ደረጃው ላይ ሰምታ ነው የመጣችው። የኛን ነገር ምንም አታውቅም።

"ምነው? ምን ሆናችሁ?"

"ወንድሜ ሞቶ ነው" አልኳት።

"ውይ በሞትኩት! መቼ?"

ዞሬ አባቴን አየሁት።

"ዛሬ" አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፤ "እግዜር ያጥናችሁ" ብላ ከአባቴ ጎን ተቀመጠች።