ኬንያ ሆኜ ያጨድኩት ሳር

ለልምድ ልውውጥ ወደ ኬንያ ከሚሄዱት ሦስት መምህራን አንዷ እኔ መሆኔን የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ የነገረኝ ወልድያ፣ ግቢያችን ውስጥ ካፌው በር ላይ ነው። ባልደረቦቼ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አቃተኝ። የምንሄደው ገበሬው ራሱ ደኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ለማየት ነው፤ እኔ ደግሞ የተመረጥኩት ከመርሳ በላይ ያለውን ተራራ በማስከለሌ ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት መርሳ ነው። በልጅነቴ ያ ተራራ ድንጋይ ብቻ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ታች ያለው ማሳ ላይ ይደፋዋል። ዩኒቨርሲቲ ከተቀጠርኩ በኋላ ከወረዳው ግብርና ጋር ስመላለስ ቆይቼ ተራራው "ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ" ተባለ። በሦስተኛው ዓመት ሳሩ ወገብ ደረሰ፣ ግራሩ አቆጠቆጠ። ፎቶ እያነሳሁ በየስብሰባው አሳየሁ።

ያላሳየሁት ነገር ነበር። ከተራራው ሥር የአባቴ የልብ ወዳጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ። መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ በሬዎቻቸው ይግጡ የነበረው እዚያው ተራራ ላይ ነው። ከመሄዳችን አንድ ወር ቀደም ብሎ አንደኛው በሬያቸው አጥሩን ጥሶ ገባና ጥበቃዎቹ ያዙት። በዚያ ቀን ከወልድያ በሚኒባስ ስመጣ፣ ሽማግሌው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ፀሐዩ ላይ ቆመው በሬያቸው እስኪለቀቅ ሲጠብቁ አየኋቸው። "ወራጅ አለ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርኩ።

ኬንያ በገባን በሦስተኛው ቀን የደን ጠባቂዎች ማኅበር የሚመሩ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ደናቸውን አዟዙረው አሳዩን። በጎማ ቦት ጫማ ዳገቱን ከእኛ ቀድመው ይወጣሉ። አረፍ ስንል በአስተርጓሚ ጠየቁኝ።

"እናንተ ዘንድ ተራራው ሲዘጋ፣ እዚያ ይውሉ የነበሩት ከብቶች ምን ይበላሉ?"

"ሰዎቹ ሳሩን አጭደው ይወስዳሉ" አልኩ።

አብረውኝ ከሄዱት መምህራን አንዱ የሆነው ባልደረባዬ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ተራራ አንዲት ሰበዝ ወጥታ አታውቅም፤ ደንቡ ይከለክላል።

"በስንተኛው ወር?"

"በነሐሴ።"

"እንዴት ይካፈላሉ?"

"በቤተሰብ ቁጥር።"

ሴትዮዋ ደብተር አውጥተው ጻፉት። "እኛ በሳር ሁሌ እንጣላለን። እንደናንተ እንሞክረዋለን" አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት አላለቁልኝም። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር እቀያይራለሁ፤ ገለጻ ሲጀመር ወጥቼ በረንዳ ላይ እንጎራደዳለሁ። እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ አጠገባቸው ደርሼ ስለ አየሩ አውርቼ ተመለስኩ። በስንብቱ ቀንም እጃቸውን ጨበጥኩ። ስልክ ቁጥራቸውን ብቻ ተቀበልኩ።

አውሮፕላን ውስጥ ባልደረባዬ "ያንን ሳር መቼ ነው ያጨድነው?" አለኝ።

"ገና ነው" አልኩት። እሱ ሳቀ።

ወልድያ በገባሁ ማግስት ሻንጣዬን ሳልፈታ መርሳ ወረድኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሞፈር ይጠርባሉ።

"ደህና ገባሽ ወይ ልጄ? ባሕር ማዶ ሄደች ሲሉ ሰማሁ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን አባባ። በሬዎ የተያዘ ቀን መንገድ ላይ አይቼዎት ነበር። ሳልወርድ አለፍኩ።"

"እኔም አይቼሻለሁ" አሉ፤ መጥረቢያቸውን ሳያቆሙ።

ሌላው ቢቀር ይህን ሲሰሙ እንኳ ይቆጡኛል ብዬ የኬንያውን ውሸት አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መጥረቢያውን አስቀመጡ።

"ነሐሴ አልሻቸው?"

"አዎ።"

"የነሐሴ ሳር ውሃ ነው፤ ቢከምሩት ይሻግታል። ዘሩስ ሳይረግፍ ለከርሞ ምን ሊበቅል ነው? የሚታጨደው ጥቅምት ላይ ነው። ደግሞ በቤተሰብ ቁጥር ማን አለሽ? ስምንት ልጅ ኖሮት አንዲት ፍየል የሌለው አለ።"

"ታዲያ እንዴት ይሁን?"

"ይህን ሳትሄጂ ብትጠይቂኝ ኬንያ ድረስ ሄደሽ ባልዋሸሽ ነበር።"

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለታችንም ግብርና ጽሕፈት ቤት ገባን። ባለሙያው አመነታ። "ዛሬ ሳር ካልን ነገ ግራሩን ይጥሉታል" አለ። ልክ ነው፤ እኔም ስፈራው የኖርኩት ይህንኑ ነበር።

ሽማግሌው "ግራር የነካ ሳር አይደርሰውም በሉ" አሉት። "ያን ጊዜ ከዘበኛ ይልቅ ጎረቤቱ ይጠብቀዋል።"

ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን፤ አንዱ ስብሰባ በጭቅጭቅ ተበተነ። በመጨረሻ ለአንድ ዓመት ይሞከር ተባለ፣ ድርሻውም በከብት ቁጥር ሆነ።

ጥቅምት ላይ ማጭድ ይዘን ወጣን። እኔም አጨድኩ፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላ መዳፌ ውሃ ቋጠረና ሴቶቹ ሳቁብኝ። አንድ ሰው የግራር ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ተይዞ ድርሻውን አጣ። ሚስቱ ማጭዷን ይዛ ብቻዋን ወደ ቤቷ ወረደች። የሽማግሌው ሸክም ትልቅ አልነበረም፤ ለሁለት በሬ እስከ በልግ ይበቃል አሉ። በቃም።

ያን ሰሞን ለኬንያዋ ሴት መልእክት ላክሁ። ወሩን መሳሳቴን፣ ያኔም ገና አለመጀመራችንን ጻፍኩ። መልሳቸው የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። የእነሱ ዝናብ ከእኛ የተለየ ስለሆነ በነሐሴ እንዳልሞከሩት፣ ደብተራቸውን ግን እንዳረሙ ነገሩኝ።

ዘንድሮ ሌላ ጉዞ መጣ። በእኔ ቦታ ሽማግሌው ይሂዱ ብዬ ጻፍኩ። ጉዞው ለመምህራን ብቻ ነው የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ ደረሰኝ። ለሳቸው ስነግራቸው "እሺ ቢሉስ በሬዎቹን ማን ይጠብቅልኛል?" አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ፓስፖርት በስንት ቀን እንደሚወጣ ጠየቁኝ።

ሁለተኛ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የተማሪዎቼ ፈተና ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል፤ ሁለት ወረቀት አርሜ እነሳለሁ፣ ኮሪደሩን እስከ ኃላፊው በር እሄድና እመለሳለሁ።